ለሁለት የገዛነው ጃኬት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር ሁለት ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። የሁለት ጃኬት ፎቶ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፤ ሁለቱም ያበጡ፣ ሁለቱም በአንድ ጣት የሚነሡ የሚመስሉ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ጮቄ ተራራ ሊወጡ ነው። «እማዬ፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ ሁለቱም ያሞቃሉ ይላሉ። የቱን ልግዛ?» ብላለች።

ሞጣ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። መነጽሬን ፈልጌ «ውስጣቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ሰማያዊው ላባ፣ አረንጓዴው ፋይበር።»

«አረንጓዴውን ግዢ።»

«ላባው ይበልጥ ይሞቃል እኮ አሉኝ!»

«ካልረጠበ ነዋ።»

ትንሽ ቆይታ «አንቺ ደግሞ ስለ ጃኬት ከየት አወቅሽ?» ብላ ጻፈች፤ የሚስቅ ፊት ጨመረችበት። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ዕቃ ማስተካከል ጀመርኩ። የተስተካከለውን አፍርሼ እንደገና ደረደርኩ። ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል ዛሬ? ተቀመጪ እንጂ» ቢለኝ መቀመጥ አልቻልኩም።

ያኔም እንዲህ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቢቸና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ውጤቴ የትም የሚያደርስ አይደለም፣ ሥራ የለኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የምትቆመው?» ትላለች። አውቶቡስ ወደ ደጀን ሲነሣ ጥሩምባውን ከቤት ሆኜ እሰማለሁ። ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከእኔ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኝ ነበር። እኔ የነበረኝ እግር ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ በደብረ ወርቅ መንገድ እሮጣለሁ፤ አፈሩ ገና ጤዛ እንዳለበት፣ የጤፍ ማሳው ግራና ቀኝ ሲያረግድ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ባንቺአየሁ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ባንቺ እላታለሁ። የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ሴት ልጅ በቁምጣ መንገድ ላይ ስትታይ ስለማይወዱ ከተማው እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ቀሚሷን ደርባ ትራመዳለች። ከዚያ ቀሚሱን አጣጥፋ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ታኖረውና ትሮጣለች። ዝምተኛ ናት። ስትሮጥ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች፣ አንድ ሰው በጆሮዋ የሚያንሾካሹክላት ይመስል። እኔ ፈጣን ነኝ፣ እሷ አትደክምም። አሰልጣኛችን «ሁለታችሁን አንድ ላይ ብሰፋችሁ አንድ ጥሩ ሯጭ ይወጣኝ ነበር» ይሉን ነበር።

ያን ዓመት ከፋሲካ በፊት አሰልጣኛችን ሰበሰቡን። ከበዓሉ በኋላ ጮቄ ላይ ወዳለችው ሮብ ገበያ ከተማ ወጥተን ለአሥር ቀን እንሠለጥናለን፤ በመጨረሻው ቀን ከሴቶች አንደኛ የምትወጣው አዲስ አበባ ክለብ ትገባለች፤ ማደሪያና ምግብ አለው። ከዚያ ስለ ብርዱ አስጠነቀቁን። «የላይኛው ብርድ የቢቸና ብርድ አይደለም። ጋቢ ለብሶ አይሮጥም። ቀለል ያለ፣ የሚያሞቅ፣ ሲሞቃችሁ ወገብ ላይ የሚታሰር ነገር ፈልጉ።»

ለሁለታችን ሁለት መግዛት አልቻልንም። አንድ ገዝተን አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ ልንለብስ ተስማማን።

በገበያው ቀን ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠው ሴትዮ አዲስ ቦንዳ ፈትታ ነበር። ከሰው እጅ እየተሻማን ሦስት ጃኬት አወጣን። አንደኛው አንገቱ ላይ ጸጉር ያለው ወፍራም ነው፤ ሞቃት ነው፣ ግን እሱን ለብሶ ዳገት መውጣት እንስራ አዝሎ እንደ መውጣት ነው። እሱን ወዲያው ተውነው። ሁለተኛው ግራጫ ሆኖ ክንዱ ላይ በእሳት የተለበለበች ጠባሳ አለችው። ሦስተኛው ቀይ ነው። ቀይ ስል የበርበሬ ቀይ አይደለም፤ የበሰለ ቲማቲም ቀይ። በእጄ ስይዘው ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም። ጨመቅኩት፤ ጡጫ አከለ። ለቀቅኩት፤ ተመልሶ አበጠ። ለበስኩትና ወዲያው ሞቀኝ። አዲስ አበባ የደረስኩ መሰለኝ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ባንቺ ግራጫውን ትዳብሳለች። «ቆይ፣ ጋሽ የሱፍን እንጠይቅ» አለች።

ጋሽ የሱፍ ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉ አሮጌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲንጀራቸውን አቁመው ሁለቱንም ተቀበሉን። ቀዩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አሹት፤ ከስፌቱ አንዲት ነጭ ላባ በጥፍራቸው ስበው አወጡ። «ይህ የወፍ ላባ ነው። ከዚህ የሚሞቅ የለም» አሉ። ደስ ብሎኝ ባንቺን አየኋት። እሳቸው ግን የሚጠጡትን ውሃ አንሥተው ከሁለቱም ጃኬት ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉና በመዳፋቸው አሹት። ግራጫው እንዳበጠ ቀረ። ቀዩ በረጠበበት ቦታ ተጣብቆ እንደ ወረቀት ሳሳ።

«አየሽ ልጄ? ላባ ውሃ ከጠጣ ይሞታል። ይህኛው ሰው የሠራው ጥጥ ነው፤ ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። እላይ ዝናብና በረዶ ነው ያለው። እኔን ከሰማችሁኝ ግራጫው ይሻላል።»

«በሚያዝያ ምን ዝናብ አለ ጋሼ?» አልኩ።

«ለጮቄ ሚያዝያና ነሐሴ የሚለይ መሰለሽ?»

ባንቺ ግራጫውን እንግዛ አለች። እኔ ጠባሳውን አሳየኋት። ይከብዳል አልኳት፤ በእርግጥም ትንሽ ይከብድ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ሻጯ ሄደን ሦስት ጊዜ ተመለስን። ሴትዮዋ «ወይ ውሰዱ ወይ ለሌላ ልቀቁ!» ብላ ጮኸችብን። በመጨረሻ ባንቺ ደከማት። «እሽ፣ አንች የወደድሽውን» አለች። ሳትደክም ዐሥር ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ልጅ እኔን ለማሳመን ስትሞክር ደከመች።

በደጀን ዞረን፣ በደብረ ማርቆስ አድርገን ሮብ ገበያ ገባን። አየሩ ሲተነፍሱት ጥርስ ያማል። ጠዋት በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፣ ከልምምድ መልስ ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ። ያን ድንች እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ፤ ሲከፍቱት ዱቄት የሚሆን ዓይነት ነው። ጃኬቱን በተራ ለበስን። ተራዬ ሲሆን እግሬ መሬት አይነካም። ተራዋ ሲሆን ሹራቤን ለብሼ ከኋላዋ እሮጣለሁ፣ ያም ቀይ ነገር ከፊቴ ሲሄድ ዓይኔን ከእሱ መንቀል ያቅተኛል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልጣለም። ጋሽ የሱፍ ተሳሳቱ እያልኩ በልቤ እኩራራ ነበር።

የምርጫው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ጉሙ ሰውን ከሰው የማያሳይ ሆኖ አሰልጣኛችን ለዓርብ አስተላለፉት። ዓርብ የባንቺአየሁ ተራ ነው።

ሐሙስን ዋልን፣ በላን፣ እግራችንን ታሸን፤ ጃኬቱ ከሁለታችን ፍራሽ መካከል ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ በልቤ ክርክር ይዣለሁ። ምርጫው የእኔ ቀን ነበር፤ ጉም ነው የወሰደብኝ፤ ዛሬ ለብሼው ምን ሠራሁበት? ደግሞ ወዲያው፣ ዓርብ ዓርብ ነው፣ ተራ ተራ ነው እላለሁ። እሷ ብታነሣው እንነጋገር ነበር። አላነሣችውም።

ዓርብ ሲነጋ ቀድሜ ተነሣሁ። ባንቺ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ጃኬቱን አወረድኩት። ለበስኩት። ዚፑን እስከ አንገቴ ሳብኩትና ወጣሁ። ይኸው ነው። እንዲህ አጭር ነገር ነው ያደረግሁት።

መነሻው ላይ ስትመጣ በሹራብ ነበረች። አየችኝ፣ ጫማዋን ጎንበስ ብላ አሰረች። አምስት ሴቶች ነን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ የገብሱ ማሳ አልቆ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል እስከሚጀምርበት ይደርሳል፤ እዚያ የቆመው የአሰልጣኛችን ረዳት መዳፋችን ላይ በቀለም ምልክት ያደርግልናል፤ ከዚያ ቁልቁል።

ሽቅቡን መራሁ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የቀለለኝ የለም። ነፋሱ ፊቴን ይቆርጠዋል፣ ደረቴ ግን ምድጃ ነው። ምልክቱን ተቀብዬ ስዞር ባንቺ ከእኔ መቶ እርምጃ ያህል ኋላ ነበረች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስንተላለፍ አላየኋትም፤ ማለቴ አላየኋትም ለመባል ወደ ሌላ አየሁ።

ብዙም ሳልወርድ በረዶው መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ከላይ ጠጠር የሚገለበጥ ይመስል። ከዚያ ትከሻዬን፣ ጭንቅላቴን ይመታኝ ጀመር። ከመንገዱ ዳር የሣር ቤት አየሁና ከጣሪያው ሥር ገባሁ። ለአፍታ ነው፣ ያልፋል፣ እኔ ሞቆኛል፣ ሌሎቹም ይጠለላሉ ብዬ አሰብኩ። ከጭጋጉ ውስጥ ባንቺ ወጣች። በረዶው ከሹራቧ ላይ ይነጥራል። ቀና ብላ አየችኝ። አልቆመችም። ብትቆም ኖሮ እንደምትደርቅ ታውቃለች፤ ምንም የሚያሞቃት የለም፣ መሮጥ ብቻ ነው ያላት። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ቁልቁል ጠፋች።

በረዶው ወደ ዝናብ ዞረ። ከጣሪያው ሥር ብሆንም ነፋሱ ውሃውን በጎን ያመጣዋል። ጃኬቱ መክበድ ጀመረ። ላባው ሁሉ ወርዶ ታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ ጭቃ ተጠቀለለ፤ ደረቴና ጀርባዬ ላይ የቀረው ቀዝቃዛ ላስቲክ ብቻ ነው። ልውጣና ልሩጥ ብል ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ላውልቀው ብል ጣቶቼ ዚፑን አልያዝ አሉ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ደርባባ ሴት፣ በሩን ከፍተው «ኧረ በእመቤቴ! ግቢ፣ ግቢ!» ብለው በክንዴ ጎትተው አስገቡኝ። እሳቱ ፊት ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ሌሎቹ ልጆች ሲያልፉ የጫማቸውን ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ላይ ሰው ቆመ። ባንቺ ናት፤ የአሰልጣኛችንን ጋቢ ታቅፋለች። ወርዳ፣ አንደኛ ወጥታ፣ ያን ሁሉ ዳገት መልሳ ወጥታለች።

«ጃኬቱ ረጠበ?» አለችኝ።

«ረጠበ።»

ተንበርክካ ዚፑን በራሷ ጣት ከፈተችው፣ አወለቀችልኝ፣ በጋቢው ጠቀለለችኝ። የወረድነው በእግር ነው። እርጥቡን ጃኬት የያዘችው እሷ ነበረች። በመንገድ ላይ ስለ ውጤቱ ጠየቅኋት፤ «እኔ ነኝ» አለች።

አዲስ አበባ ሄደች። አራት ዓመት ሮጠች፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና ቢቸና ተመልሳ አገባች፣ ወፍጮ ቤት ከፈተች። እኔ ሞጣ ተዳርኩ። በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፣ ልጆቻችን ይጠያየቃሉ፣ እንሳሳቃለን። ያን ዓርብ ግን ሃያ ስንት ዓመት አላነሣነውም።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ወፍጮው ይጮኻል፤ «ቆይ ወደ ደጅ ልውጣ» አለችኝ። ምን እንደምላት አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ባንች፣ ያ ቀይ ጃኬት። ተራው ያንች ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ተኝተሽ ነበር።»

«አልተኛሁም። ዚፑን ስትዘጊው ሰምቻለሁ።»

ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር አውልቀሽ ትሰጭኝ ነበር፣ አውቅሻለሁ። አንች በብርድ ስትንቀጠቀጭ እያየሁ እኔ ምኑን ሮጥኩት?» ወዲያው ራሷን አረመች። «ኧረ ውሸቴን ነው። ተናድጄ ነበር። ያን ቀን የሮጥኩት በንዴት ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም ገብቼ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።»

«ታዲያ ጋቢ ይዘሽ ለምን ተመለስሽ?»

«እታች ስደርስ ንዴቱ አለቀ። ዞር ስል ደግሞ አንች አልመጣሽም።»

አንዲት ደንበኛ እህሏን ይዛ ጠራቻት መሰል፣ ቻው እንኳ ሳንባባል ተዘጋ። የደወልኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ እሱን አላልኳትም። መልሼ ልደውል ስልኩን አንሥቼ ተውኩት። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ቢቸና እሄዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ቀን አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት ተቀምጬ እንደምጠብቅ አላውቅም።