ሀኒፋ ከአምቡላንስ ያወረደቻቸው ሰዎች

ሀኒፋ የአምቡላንስ ነርስ ናት። ቶሎ ደሟ ይፈላል፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። በሽተኛ ማከም አይደለም ያንገሸገሻት፣ የበሽተኛ ጎረቤት ከመኪና ማውረድ ነው። በኛ ሰፈር አንድ ሰው ታሞ ሲወሰድ አብሮ ያልተሳፈረ ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ይታማል። ስለዚህ ሁሉም ይሳፈራል።

ባለፈው ክረምት መካኒሳ አቦ፣ ጋሽ ኮርሳ ትንፋሽ አጥሯቸው ተጠራች። ሽማግሌውን በቃሬዛ አስገብታ ኦክስጅን ሰካችላቸው፤ ልጃቸውን ፌኔትን ጋቢና፣ ከሾፌሩ ከሙሄ ጎን አስቀመጠች። ዞር ስትል መኪናው ጢም ብሏል። አንዱ የበሽተኛውን እግር ይዟል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላው በስልክ «አዎ፣ አብሬያቸው ነኝ» ይላል። የጋሽ ኮርሳ ከንፈር ግን ጠቁሯል፤ ጣታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁልቁል ይወርዳል። ብታይ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ቱቦው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው «ጌታዬ፣ ትንፋሹን መልስለት» እያሉ ይጸልያሉ።

«እትዬ፣ ይነሱ! እየገደሏቸው እኮ ነው!»

«እኔ? ስንት ዘመን የኖርኩት ጎረቤቱ?» አኮረፉ እንጂ አልተነሱም።

ሀኒፋ ልመና እንደማያዋጣ ገባት። «እሺ» አለች ጮክ ብላ፣ «ሆስፒታሉ ደም ይፈልጋል። የተሳፈረ ሁሉ ይሰጣል።»

አንዱ ስኳር አለብኝ አለ፣ አንዱ ግፊት፣ ወይዘሮ አማከለች ወጥ ጥደው መውጣታቸው ትዝ አላቸው። ያ ሁሉ በሽተኛ በምን ጉልበቱ እንደዘለለ እንጃ፣ መኪናው ባዶ ሆነ።

ጎፋ ሲደርሱ የጋሽ ኮርሳ ከንፈር ቀለሙ መለስ አለ። ዓይናቸውን ገልጠው ጭምብሉን ገፋ አደረጉት።

«ማን ማን መጣ?»

«ፌኔት አለች፣ ጋቢና ናት።»

«እሷማ ልጄ ናት። ሰው ማለቴ ነው።»

ሽማግሌው ባዶውን መቀመጫ አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለካ ሰው የለኝም» አሉ። መለኪያው እንደገና መውረድ ጀመረ። አንጀቷን በሏት። ያወረድኳቸው እኔ ነኝ እንዳትል፣ ደም ሲባል መሸሻቸውን ልትነግራቸው ነው።

ከኋላ፣ ሳይረኑ በከፈተው መንገድ ሾልከው ሊያመልጡ የአምቡላንሱን ጭራ የያዙ መኪኖች ተግተልትለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ዘር ማንዘራቸውን ትሰድብ ነበር። ዛሬ የቃሬዛውን ራስጌ ከፍ አድርጋ የኋላውን መጋረጃ ገለጠችው።

«ያውልዎት፣ አባባ። ሁሉም ተከትለውናል።»

ጋሽ ኮርሳ የቤት መኪናውን፣ ሚኒባሱን፣ አሸዋ የጫነውን አይሱዙ አንድ በአንድ አዩ።

«አይሱዙ ሁሉ ተከራዩልኝ?» አሉና ጭምብሉን ራሳቸው መልሰው በረጅሙ ተነፈሱ።