ደረጃ የሌለበት ካርድ

ሃያ ዓመት አዳማ ውስጥ ሳስተምር ልጆቹ አንድም ቀን አላሰለቹኝም። የሚያሰለቹኝ ወላጆቻቸው ናቸው። ልጄ ምን ተማረ፣ ምን ከበደው፣ ማንበብ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ባገኝ ስለት አስገባለሁ። ሁሉም አፉን የሚከፍተው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው።

ሦስተኛ ክፍል በተሰጠኝ ዓመት፣ ገና በምዝገባው ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ በዕድሜ ከኔ የምታንስ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ተከታትላ ከክፍሏ መጨረሻ ወጥታለች።

«ቲቸር፣ ዘንድሮም መጨረሻ ከወጣች አርሲ ነገሌ እህቴ ጋ እልካታለሁ» አለችኝ። «እህቴ ወልዳለች፤ ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች። ትምህርት ካልሆነላት ምን ላድርግ?»

ልጅቷ እዚያው ቆማ ትሰማለች። ደብተሯን ከፍቼ አየሁት። ጽሕፈቷ ሲያዩት ያምራል፤ ከሰሌዳ ከገለበጠችው ውስጥ ግን አንዷንም ቃል ማንበብ አትችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃዋን ሲነግሯት ከርመው፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፊደል ያስቆጠራት ሰው የለም። ደሜ ፈላ።

ዳይሬክተሩን ሁለት ሳምንት ነዘነዝኩት። በኔ ክፍል ካርድ ላይ ድምርም ደረጃም አይጻፍ፣ የየትምህርቱ ውጤት ብቻ ይኑር፣ ከሥሩ ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንደሚቀረው እኔ በሁለት መስመር ልጻፍ አልኩት። ሲመረው «እሺ፤ ወላጆቹን ግን ራስሽ ቻያቸው» አለኝ። እችላለሁ አልኩ፤ የት አውቄ።

ጥቅምት ላይ ወላጆችን ሰበሰብኩ። አዋቂ ሁሉ በልጅ ዴስክ ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሳሰናዳው ያደርኩትን ትልቅ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጥፌ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደምናስተምር አንድ በአንድ አስረዳሁ። በዓመቱ መጨረሻ ልጃችሁ አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንደሚል በራሱ አፍ መናገር አለበት አልኳቸው። የቤት ሥራውን አትሥሩለት። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያንብብላችሁ፤ እናንተ ማንበብ ባትችሉም ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል። ጥያቄ ካለ ብዬ ዕድል ሰጠሁ።

አንዷ ዩኒፎርሙ ለምን ቀለም እንደሚለቅ ጠየቀችኝ። አንዱ ልጁን ከፊት እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። ሌላው «ካጠፋ ግረፊው፤ ዓይኑን ብቻ ተይልኝ» አለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ከዚያ አንድ አዛውንት ተነሡ። ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ውስጥ እህል ሲመዝኑ የኖሩ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ መምህርት ለማለት በኦሮምኛ «ባርሲስቱ» እያሉ የሚጠሩኝ ጨዋ ሰው ናቸው።

«ባርሲስቱ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ደረጃ ከሌለ ጉብዝናውን በምን እናውቃለን? ሚዛን የሌለው ገበያ አይቼ አላውቅም።»

«ልጅ እህል አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በቃ፣ ገባቸው ብዬ ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ያልኩትን ከልቧ የሰማችው ሽንኩርት ሻጯ ብቻ ናት ብል አላጋነንኩም። እኔ በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ከሀ ጀምሬ አስቆጥራታለሁ፤ ማታ ደግሞ ገበያው ሲፈታ እናቷ ባዶ ጆንያ ላይ አስቀምጣ ታስነብባታለች። የገና በዓል ሲደርስ ልጅቷ አንድ ገጽ ማንበብ ቻለች። ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ ግን በትክክል። እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም።

የካቲት ላይ ካርድ ሰጠሁ። የጻፍኩትን ሁለት መስመር ያነበበ ከአምስት አይበልጥም። ቀሪው ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ፣ ደረጃ ሲያጣ አኩርፎ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ሕዝብ ተሰብስቦ አየሁ። ሄጄ ብመለከት አዛውንቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ በስልካቸው ይደምራሉ። አንዷ እናት ውጤት ታነብላቸዋለች፤ ሌላው ካርዱን ይዞ ተሰልፏል። ዓይኔ እያየ የክፍሉን የሃምሳ አንዱንም ልጅ ደረጃ አውጥተው ጨረሱ። ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝም።

«ጋሼ፣ ደረጃ የለም ተባብለን አልነበረም?»

«እርስዎማ ቃልዎን ጠብቀዋል» አሉኝ በትሕትና። «ያወጣነው እኛ ነን።»

ይሄኔ አንዲት እናት የኔ ልጅ እንዴት መጨረሻ ይወጣል ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ወረቀቱን ከአዛውንቱ ትከሻ በላይ አየሁት። ሃያ ዓመት ውጤት የደመረ ዓይን አያርፍም፤ ስህተቱ ላይ ሄዶ ተተከለ። የልጁን የአካባቢ ሳይንስ ውጤት ሳይደምሩ ዘለውታል።

«ይሄ ስህተት ነው» አልኩ።

«ሠላሳ ዓመት ስመዝን አንድ ኪሎ ተሳስቼ አላውቅም።»

ይቺ ንግግር አንጀቴን አሳረረችው። ምን ጥልቅ እንዳደረገኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ከቦርሳዬ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ድምሩን ሰርዤ ትክክለኛውን ጻፍኩ። ልጁ ወደ ላይ ሲወጣ ከሱ በታች የወረዱት ቁጥሮች ተዛነፉ፤ እነሱንም እስከ መጨረሻው አስተካከልኳቸው። ስም አላየሁም፤ ያየሁት ቁጥር ነው። «ይኸው፤ እንዲህ ነው የሚደመር» ብዬ መለስኩላቸው። የልጁ እናት መረቀችኝ። አዛውንቱም መነጽራቸውን አውልቀው «ልክ ነዎት» አሉ። ደስ አለኝ።

«የኔዋስ ስንተኛ ናት?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሽንኩርት ሻጯ ናት፤ ልጇን በእጇ ይዛለች።

አዛውንቱ ወረቀቱን በጣታቸው ወደ ታች ወረዱበት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ቅድም ሃምሳኛ ነበረች» አሉ። «ባርሲስቱ ካስተካከሉት በኋላ ግን…»

እናቲቱን ጎትቼ ወደ ዳር ወሰድኳት። «ማንበብ ጀምራለች እኮ! ካርዱ ላይ ጽፌልሻለሁ።»

«አውቃለሁ ቲቸር። እርስዎ የጻፉትን ያነበበችልኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ የሰውየው ወረቀት ምን ያደርግልሻል? ተይው።»

«ሰውየው ቢሉኝማ ላላምን እችል ነበር። እርስዎ ካሉ ግን ልክ ነው» አለችኝ፤ አንዲት ቅያሜ የለባትም። «ማንበብ ከቻለች ደግሞ ለሷ ይበቃታል። እኔ ይህንንም አላገኘሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ዳይሬክተሩንም አምጥቼ አስለመንኳት። ለእህቴ ቃል ገብቻለሁ፣ እዚያም ቢሆን ከተመቻት ትማር፣ መሸኛዋን ስጡኝ አለች።

በሳምንቱ መሸኛውን ለመውሰድ ልጅቷን ይዛ መጣች። ቅጹ የድሮው ቅጽ ነው፤ «ደረጃ» የሚል ቦታ አለው። ባዶውን ትቼ ላክሁት። ዳይሬክተሩ ካልተሞላ ማኅተም አይመታበትም ብሎ መለሰው። እንደገና ላክሁት፤ እንደገና ተመለሰ። በስተመጨረሻ ቁጥሩን በፊደል ጽፌ ሞላሁት። ልጅቷ ከጠረጴዛዬ አጠገብ አንገቷን አስግጋ ቆማ ነበር።

«ሃምሳ አንደኛ» ብላ አነበበችው፤ አንድም ፊደል ሳትስት።