ለአጋፊያ ሙት ዓመት የተደበቀው አረቄ

ክላቭዲያ ስቴፓኖቭና እልኸኛ ናት። ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ባይካል ሐይቅ ዳር ያለው መንደራችን በሙሉ ያውቃታል። አባቷ በየሳምንቱ ሐይቁ ላይ እየወጣ መረብ ይጥል ነበር፤ እሱ ሲሞት ገመዱን እሷ ተረከበች። ዓሣ ለማጥመድ እንዳይመስላችሁ! ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ኤፒሹራ የምትባል የውሃ ፍጥረት አለች፤ እሷን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ እያዩ መቁጠር ነው ሥራው። ሐይቁ ራሱ ካልከለከለ በቀር አንድም ሳምንት ተዘሎ አያውቅም።

ሶቪየት በፈረሰ ማግስት በበረዶው ወራት ደመወዝ ቀረ። ቀጥሎ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚጨመርበት ፎርማሊን አለቀ። አለቆቿ ከከተማ "በጀት እስኪመጣ አቁሚ" ብለው ላኩባት።

"በጀቱ ሲመጣ ያለፈውን ሳምንት ማን ይመልስልኛል?" አለችና መረቧን ተሸክማ ወጣች።

ገመድ የሚጎትትላት ጎረቤቷ ፕሮኮፒ ሉኪች ነው። በዲጂኖ በረዶውን በሳው፤ መረቡን ወደ ጥልቁ ለቀቀ፤ እያማረረ ጎትቶ አወጣው። እሷም ከመረቡ ጫፍ የተጠራቀመውን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ በረዶ እንዳይሆንባት ካፖርቷ ውስጥ ወሸቀችው።

"አሁንስ በምን ልታቆዪው ነው? በጸሎት?"

"በአንተ አረቄ።"

ሰውዬው ክው አለ። አረቄው እሱ ራሱ ያወጣው፣ ክብሪት ሲነካው ቦግ የሚል ነው። ለሚስቱ ለአጋፊያ ሙት ዓመት ብሎ ነበር የደበቀው፤ አረቄ የሚወጣበት ስኳር በጠፋበት ዓመት ሌላ ከየት ይመጣል?

"አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ? የሙት አረቄ ለትል?"

"ትል አይደለችም፣ ሉኪች።"

"ሚስቱን በባዶ ብርጭቆ ዘከረ ብለው አያሙኝም?"

"ያሙሃል" አለች ፍርጥም ብላ። "ካልሰጠኸኝ ግን እስከ ነገ ወዲያ ይበሰብሳል። የዚህ ሳምንቱ ጠፋ ማለት ነው።"

ሉኪች ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እሷም ቤቷ ገብታ ኤፒሹራዎቹን በሕይወት እያሉ ልትቆጥራቸው ተቀመጠች። እነሱ ምን ቆመው ይጠብቃሉ! እየተስፈነጠሩ ቁጥሩን ያጠፉባታል፤ እንደገና ትጀምራለች። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ።

በሩ ተበረገደ። ሉኪች ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል።

"ምንም እንዳትይኝ። መጀመሪያ አሳዪኝ።"

ያን ሁሉ ዘመን ገመድ ሲጎትት ኤፒሹራን አንድ ቀን አይቷት አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋ፤ ቆየ።

"ውይ! ትዋኛለች እኮ!" ቀና ሳይል "አጋፊያ አይታታለች?" አለ።

"ስንቴ! 'የእኔ ባል ይህችን ቢያይ ኖሮ እንደዚያ አይነጫነጭም ነበር' ትል ነበር።"

ሉኪች ሳቀ፤ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ቡሹን በጥርሱ ነቅሎ አንቆረቆረላት።

"ለራስህ አንድ ጉንጭ አስቀር እንጂ።"

"ይጨመርበት! ደግሞ ቢያንሰውስ?" አለና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈላት።

በሙት ዓመቱ ቀን እንግዶቹ ሻይ ጠጡ። ዘመድ አዝማድ አማው፤ ዛሬም ያማዋል። የዚያ ሳምንት ናሙና ግን ተቆጥሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ሉኪች ማማረሩን ተወ ብል ውሸታም ነኝ፤ ያማርራል። ኤፒሹራዋን ሳያይ ግን ቤቱ አይገባም።