የእትዬ ማንጠግቦሽ ሦስተኛ ኮምፒውተር

ባለፈው ሰሞን ቢሮ ተቀምጬ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሳነብ መብራት ድርግም አለ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረና ወዲያው እሱም ዝም አለ። ስልኬን አውጥቼ ብሮውዘሩን ስከፍት ኮምፒውተሩ ላይ የጀመርኩት ገጽ ስልኬ ውስጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ባልደረቦቼ ለዚህ ነገር ደንታም የላቸውም፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ደግሞ ያ የዩፒኤስ ጩኸት በሰማሁት ቁጥር ደባርቅ ይወስደኛል፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ኢንተርኔት ቤት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ስትገቢ የሚቀበልሽ የሞቀ አቧራና የፎቶ ኮፒ ቀለም ሽታ ነው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ የረጠበ ጋቢ ሽታ ይጨመርበታል። አምስት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ያኔ የነበሩት ጀርባቸው ያበጠው፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆኑት ናቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ለእያንዳንዳቸው ዳንቴል ሠርተው አልብሰዋቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ዳንቴሉን ገልጠው ያበሯቸውና የደባርቅ ብርድ ሲጠናባቸው እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ጀርባ እያስጠጉ ይሞቃሉ።

ቀድሞ በጽሕፈት መኪና የሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር አሉ። እኔ ስደርስባቸው ጠይም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቁጣቸው ከደጅ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ጎንደር የሚያስተምሩት በዚያችው ቤት ገቢ ነው። አባቴ ስሜን ተራሮች ፓርክ ለሚገቡ ፈረንጆች በቅሎ ያከራይ ስለነበር ከአስጎብኚዎቹ መልእክት መምጣቱን የማየው እኔ ነበርኩ። መልእክቱ ግን ሰበብ ነው። እኔን የሚጎትተኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ጽሑፍና ሥዕል ከየት ነው የሚመጣው?

ብሮውዘሩን «ከፋች» ነበር የምንለው፤ መጀመሪያ የነበረችው ሰማያዊዋ ፊደል ናት። እሷን ሁለቴ ነካ ነካ ስታደርጊ ኢንተርኔት ይከፈታል። እኔማ ኢንተርኔት ማለት ራሷ ትመስለኝ ነበር። ኋላ አንድ አስጎብኚ በፍላሽ ቀበሮዋን ይዞ መጣ፤ ምድርን በጭራዋ የጠቀለለችውን። አቤት የአስጎብኚዎቹ ደስታ! ቀይ ቀበሮን ፓርኩ ውስጥ ከጊች መንደር በላይ ባለው ሜዳ ሲያሳዩ የሚውሉ ሰዎች ስለሆኑ «ይቺማ የኛው ናት» ብለው ሰማያዊዋን እርግፍ አድርገው ተዉአት። ቀበሮዋ በአንድ መስኮት ብዙ ገጽ መክፈት ትችላለች፤ ታብ ይሉታል። እትዬ ማንጠግቦሽ ይችን ነገር እንዳወቁ አዲስ አሠራር አወጡ። ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ በማለዳ ይመጡና ሥዕል እንዳይጫን አድርገው፣ ደንበኛ የሚጠይቀውን ገጽ ሁሉ በየታቡ ከፍተው ያስቀምጡታል። ከሰዓት ኔትወርኩ ሲሞት የሌላው ኢንተርኔት ቤት ሰው ተክዞ ይቀመጣል፤ የእሳቸው ደንበኛ ያነባል። ከቀበሮዋ በኋላ ባለብዙ ቀለሟ ኳስ መጣች። በእጅ ስልካቸው ላይ ደግሞ ቀይ ቀለበት የምትመስል ነበረቻቸው፤ እሷ ገጹን ጨምቃ ስለምታመጣው ካርድ አትበላም።

«እትዬ፣ ከፋችው ሲቀየር ኢንተርኔቱም ይቀየራል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አሁንስ በዛ! ነይ ወዲህ» ብለው በሩ ላይ አቆሙኝና የስሜንን ተራራ አሻግረው አሳዩኝ። «መስኮት ነው ልጄ። መስኮት ብትቀይሪ ተራራው ይቀየራል?»

ይህን ስሰማ የባሰ ጥያቄ መጣብኝ። ተራራውስ የት ነው ያለው?

የከተማው ሰው ግን እንዲህ አይልም። ለሰው ሁሉ ገጹ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ያውም ሦስተኛዋ ውስጥ። መነሻው አንድ የዳባት ልጅ ነው። የፈተና ውጤቱን እዚያች ላይ አይቶ ዩኒቨርሲቲ ገባና ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሦስተኛዋ ካልሆነች አለ። ውጤት የወጣ ቀን ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ይዘልቃል፤ ሌሎቹ አራቱ ባዶ ተቀምጠው። ተፈታኙ አማትቦ ይቀመጣል፤ እናቶች ዳንቴሉን ይስማሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ «ኧረ ሁሉም አንድ ናቸው!» ብለው ይጮሃሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ባዶ ወንበር ለመሙላት የሚያወሩ ይመስለዋል ሰው። ደግሞም ክረምት ፈረንጅ ስለማይመጣ ያን ቤት ቀጥ አድርጎ የሚያከርመው የውጤት ወረፋ ብቻ ነበር። ይህን እሳቸውም እኛም እናውቃለን።

አንድ ክረምት፣ ውጤት የወጣ ቀን፣ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። መሪጌታ ልሳኑ የልጃቸውን ውጤት ሊያዩ ከመካነ ብርሃን መጥተው፣ መንገድ ላይ አድረው፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ለብሰው ወረፋ ያዙ። ተራቸው ደርሶ ሦስተኛዋ ላይ ተቀመጡ። እትዬ የልጁን የፈተና ቁጥር ጻፉላቸው። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲገለጥ፣ የልጁ ስም ሲታይ፣ መብራት ሄደ። ዩፒኤሶቹ አንድ ላይ ጮኹና ተራ በተራ ጸጥ አሉ።

መሪጌታ ኮምፒውተሯን በሁለት እጃቸው ያዟት። «ወየው፣ ውስጡ ቀረ! የልጄ ውጤት እዚህ ውስጥ ቀረ!»

የሳቀ የለም። ሁላችንም ቀረ ብለን ነው የደነገጥነው።

ባጃጅ የሚነዳው የእትዬ ወንድም አያሌው እሳቸውን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋቸው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። «ነገ ኑ በያቸው። አልጋ ይዘው ያድራሉ» አለ።

እትዬ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። አያሌው እጃቸውን ያዘ። «ማንጠግቦሽ፣ ተይ! ኢንተርኔቱ በኪሳቸው እንዳለ ካወቁ ማን ይመጣልሻል? ልጅሽን በምን ልታስተምሪ ነው?»

«እና ቁጭ ብዬ ልዋሻቸው? ሰውየው እኮ ኮምፒውተር አቅፈው ያለቅሳሉ!» አሉና እጃቸውን አስለቀቁ። ግን ወዲያው አልሄዱም። የጨለመውን ቤት፣ ዳንቴሎቹን፣ ወረፋውን አዩ። ፊታቸው ያኔ እንዴት እንደ ነበር እስካሁን አልጠፋኝም። ፈርተው ነበር።

ከዚያ የራሳቸውን ስልክ ጉያቸው መለሱትና «መሪጌታ፣ ስልክዎን ይስጡኝ» አሉ።

«ስልኬን? ይኸ እንኳ ለወሬ ነው ልጄ።»

ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ። እትዬ ፕላስቲኩን ፈቱ፤ ማንም ነክቷት የማያውቃትን ቀይ ቀለበት ፈልገው አገኙ፤ መነጽራቸውን አድርገው ቁልፉን ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ገጹ መጣ፤ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ፊደል ብቻ። ጣታቸውን አስደግፈው አነበቡላቸው። ልጁ አልፏል።

ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ግን ሦስተኛዋን እያዩ «ከዚህ ወጥቶ ነው?» አሉ።

«የለም መሪጌታ። እዚህም አልነበረ። ይህችም መስኮት ናት፣ ስልክዎም መስኮት ነው። መስኮት ቢዘጋ ተራራው የት ይሄዳል?»

መሪጌታ ስልኩን አገላብጠው አዩት። «እግዚኦ! ይህን ሁሉ ጭቃ ስረግጥ በኪሴ ይዤው ነው የመጣሁት?»

ያኔ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አያሌው ብቻ ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠ። እትዬ ማንጠግቦሽ ወንበር ላይ ቆመው «ስልካችሁን አውጡ!» አሉ፤ የጻፉትን ማመልከቻ ለባለቤቱ በሚያነቡበት ድምፅ። ስልኩ የሚከፍተውንም የማይከፍተውንም እየለዩ፣ ያልገባውን እየተቆጡ አስተማሩ። አመሻሽ ላይ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያየ ነበር።

አያሌው ያለው አልቀረም። በሚቀጥለው ክረምት ወረፋው ከበሩ አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጣት የሚነካው ተች ስልክ መጣና ወረፋው ጭራሽ ጠፋ። እትዬ የጽሕፈት መኪናቸውን አቧራ አራግፈው ማመልከቻ እየጻፉ ልጃቸውን አስጨረሱ። ቤቱን ሲዘጉ ዕቃ ሸክፌላቸዋለሁ። ሦስተኛዋ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጋሪ ተጭና ሄደች።

«ምን አለ ዝም ቢሉ ኖሮ?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ ስለ እሳቸው።

ዳንቴሉን እያጠፉ ሳቁ። «የት ነው ያለው፣ ከየት ነው የሚመጣው እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው አንቺ! መልሱን አውቄ፣ ሰው ሲጠይቀኝ፣ እንዴት አድርጌ ልደብቀው?» ከዚያ ዳባት እህታቸው ዘንድ ገቡ።

ዘንድሮ ውጤት የወጣ ቀን ደባርቅ ነበርኩ። ዝናቡ ያው ነው። ባጃጅ መቆሚያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በየሱቁ ጣራ ጥግ ልጆች ስልካቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ እልልታው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይነሣል። ከመካነ ብርሃን ለውጤት ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ቤት አሁን ጫማ ይሸጥበታል። ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ይዘልቅበት የነበረው ደጃፍ ላይ አንድም ሰው አልቆመም። ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ያን ባዶ ደጃፍ አየሁት። እትዬ ማንጠግቦሽ ለደባርቅ የተዉላት እሱን ነው፤ ማንም ለውጤት የማይሰለፍበትን ደጃፍ።