የአማቴ ትከሻ

አማቴ ቢላዋውን ከእጄ የነጠቁኝ ከደብረ ብርሃን ተድሬ አንኮበር በገባሁ በመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አልክድም። ዶሮዋን ስበልት ታፋና ቅልጥሟ የሚገናኙበትን ቦታ ሳላገኝ ቸኩዬ መታሁት፤ አጥንቱ ተሰነጠቀ። ስንጣሪውም ከወጡ ጋር ገበታ ቀርቦ ያን ሁሉ እንግዳ ትቶ የንስሐ አባታችን አፍ ውስጥ ገባ። አባን ትን አላቸው፣ ዓይናቸው ቀላ፣ «ውሃ! ውሃ!» ተባለ። በመጨረሻ በሁለት ጣታቸው አውጥተው ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ መብሉን ትቶ እሱን ያያል።

«ይቅር ይበሉኝ አባ» አሉ አማቴ። «ለልጄ ሚስት ያመጣሁ መስሎኝ እንጨት ፈላጭ ነው ያመጣሁለት።»

እንግዳው ሳቀ። ባሌም ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ የእሱ ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቢላዋ አልነካሁም። ሽንኩርቱን እንኳ የሚከትፉት እሳቸው ነበሩ፤ ሲጨርሱ ቢላዋውን ቀሚሳቸው ሥር ከተው ይወጡና የት እንደሚሸሽጉት አላውቅም። በከተፉ ቁጥር ግን አንድ ነገር ሳይሉ አያልፉም። «እኔ የሞትኩ ዕለት ይህ ቤት በጥርሱ ነው የሚከትፈው!»

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ፣ እየሰማሁ፣ ለባሌ እንዲህ አሉት፦ «እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከዚያ ወደ አባቷ ቤት መልሳት። ብልት የምታውቅ እኔ አገኝልሃለሁ።» ባሌ ዝም አለ። እኔ ዝምታውን እሺታ ብዬ ያዝኩት፤ እሳቸውም እንደዚያው።

ቢላዋ ባይኖረኝ ገላዬ ነበረኝ። ወፍጮ ላይ ተንበርክኬ ገብስ ስፈጭ ያን ያሳፈረኝን ነገር በራሴ ላይ እፈልገው ጀመር። ክርኔ እንደ መዝጊያ በአንድ ወገን ብቻ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ልመልሰው ብል እምቢ ይላል። ጉልበቴም ወንድሙ ነው። አውራ ጣቴ ኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ወደ ፊትም ወደ ጎንም ያዘነብላል። የእጄ አንጓ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ አጥንቶች ከረጢት ውስጥ እንዳለ ጠጠር አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። የአንገትን አዟዟር ያጠናሁት ግን ከአማቴ ነው፤ እኔ በገባሁ ቁጥር አንገታቸው ወደ ግድግዳው ይዞር ነበር።

ውሻ ከጓሮ የጣለውን የበግ አጥንት አንስቼ አጥቤ አንዱን በአንዱ ውስጥ እሞክር ነበር። የታፋው ራስ እንደ ዘነዘና ጥልቅ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። የትከሻው ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም፤ እንደ ሸክላ ክዳን ነው። ክንድ ወደ ሰማይም ወደ ጀርባም የሚደርሰው ለዚህ ነው አልኩ። አምልጦ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

«ምን ትዳብሻለሽ? ቅማል ነው?» ይሉኛል አማቴ።

የደብረ ዘይት ሳምንት ጉም ወርዶ መንገዱ ሁሉ ረጥቦ ነበር። አማቴ ከምንጭ ሲመለሱ ቁልቁለቱ አንሸራተታቸው፤ እንስራውን ላድን ብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ወደቁ። እንስራውም ተሰበረ። ባሌ ተሸክሞ አገባቸው። ትከሻቸው ክብነቱን አጥቶ ጥግ አውጥቷል፤ ከብብታቸው ፊት ለፊት አንድ ድቡልቡል ነገር ቆሟል። ጣቶቻቸውን ነካሁ፤ ይሞቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉም። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ወልቋል።

አገሩን የሚያሽ አንድ ወጌሻ ነበረን፤ ንጉሡ እንጦጦ ከከተሙ ወዲህ ግን የቤተ መንግሥቱ ሰው ሲጎርፍ እሱም አብሮ ሄዷል። እሱን ጠርቶ ማምጣት የቀናት ነገር ነው፤ የወለቀ ትከሻ ደግሞ ከሰነበተ ያብጥና አልመለስም ይላል።

ባሌ እጃቸውን ይዞ እንደ እምቢተኛ በሬ ወደ ላይ ጎተተ።

«ልቀቀኝ! የወለድኩት ገደለኝ!»

«እንዲያ አይደለም» አልኩ። «አጥንቱ የጎድጓዳው ከንፈር ላይ ነው የተቀመጠው። መጀመሪያ መራቅ አለበት፣ ከዚያ ይመለሳል።»

«ዝም በይ! የዶሮ አጥንት ያለየሽ የሰው አጥንት ልትለዪ?»

«የዶሮዋን ስለሰበርኩ ነው ያወቅሁት፣ እሜቴ።»

«አሁን ደግሞ እኔን ልትበልቺ!»

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በሕይወት ካለ ገላ የወለቀ አጥንት መልሼ አላውቅም። ሆኖም «ይተኙ፣ እግሬን ብብትዎ ሥር አስገብቼ እስባለሁ» አልኳቸው።

አማቴ በደኅናው ክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እግርሽን? እኔ ላይ እግርሽን?»

«ታጥቤ ነው።»

«ብትታጠቢስ! እግር እግር ነው። አንቺ ይህን ቀን ስትለምኚ ነው የከረምሽው!»

«እናቴ፣ ክንድሽ ደርቆ ይቀራል» አለ ባሌ።

አማቴ አጎዛው ላይ ተጋደሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ካጎደልሽኝ ፋሲካን አልጠብቅም። ዛሬ ነው የምትወጪው።»

ባሌ ጋቢውን በደረታቸው አዙሮ በወዲያ በኩል ያዘ። እኔ ተቀምጬ ተረከዜን ብብታቸው ውስጥ አስገባሁ፤ አንጓቸውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። አልነጠቅሁም። እሳቸው እናቴን ረገሙ፣ ያመጣችኝን በቅሎ ረገሙ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሁሉ ረገሙ። እኔ እስባለሁ። እርግማኑ ሲደክም ሥጋው ላላ። ክንዳቸውን ወደ ገላቸው መለስ ሳደርገው፣ የአባቴን ዘር ማንዘር ጀምረው ገና ሳይጨርሱት፣ ከውስጥ ድብ አለ።

አፋቸው እንደ ተከፈተ ቀረ። ትከሻቸው ክብ ሆነ።

«እግርሽን አንሺ» አሉ።

ክንዳቸውን በነጠላ ከደረታቸው ጋር አሰርኩት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «በራሱ ተመለሰ፤ እመቤቴ ናት» ይላሉ፣ እኔ እየሰማሁ። አንድ ቀን አባ ሊጠይቁ መጥተው ይህንኑ ሲነግሯቸው ባሌ ቀና አለና «የመለሰችውስ ሚስቴ ናት፣ አባ» አለ። የአማቴ አንገት ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ሲስቅብኝ ያላለቀስኩት ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮዋ ታርዳ፣ ተነጭታ፣ ተለብልባ ተቀመጠች። ክንዳቸው ገና ቢላዋ የሚጫንበት ጉልበት አልነበረውም፤ ሁለቴ ሞክረው ተዉት። ቢላዋውን ፊቴ ጣሉት።

«አጥንት ሲጮህ ከሰማሁ ጓዝሽን ሸክፊ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ጆሯቸው ግን እኔ ጋ ነበር። የዶሮዋን ጉልበት አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ስርጉዱን በአውራ ጣቴ ፈለግሁት፤ ቢላዋው ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ታፋውን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ሳደርገው ነጩ ራስ ብቅ አለ። ክንፉም እንደዚያው። አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቼ ስጨርስ ተነሥተው መጡና በደኅናው እጃቸው አንድ በአንድ እያገላበጡ ስንጥቅ ፈለጉ። አንገቷን እንኳ አልተዉም። አጡ።

«ቢላዋውን አጥቢና ወደ ቦታው መልሺ።»

«ቦታው የት ነው፣ እሜቴ?»

«ከጓዳው በር በላይ፣ የጣራው ሣር ውስጥ ነዋ!» ብለው ጮኹብኝ። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

አንድም ጊዜ ነግረውኝ አያውቁም ነበር።