ለቀማኛ የጻፍኩት ማመልከቻ

በሕይወቴ ብዙ የማይረቡ ደብዳቤዎች ጽፌአለሁ፤ ለቀማኛ በቁጥርና በማኅተም ማመልከቻ የጻፍኩት ግን አንዴ ብቻ ነው። ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የሚታከሙበት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። "ሠራተኛ" የምለውም ዛሬ ትንሽ ትሕትና ስለተማርኩ ነው፤ ያኔ ራሴን "ባለሙያ" ነበር የምለው። ሙያዬ አዲስ አበባ የወሰድኩት የሦስት ሳምንት ሥልጠና ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱን ሳምንት በጉንፋን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።

ኮምፒውተሩን የሰጡን የውጭ በጎ አድራጊዎች ነበሩ። በክሊኒኩ ቬንትሌተር ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኃላፊዋ የሲስተር ቢሮ ነው። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ብዬ ሲስተርን ከነጠረጴዛዋ አስወጣኋት። በሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩና ጫማውን ያላወለቀ ሰው እንዳይገባ አዘዝኩ። ነጭ ጋዋን አሰፋሁ። እናቴ ደግሞ ለቴሌቪዥን ብላ የሠራችውን ዳንቴል ሰጠችኝ። ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ ዳንቴሉ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሥራ ስወጣ እሱን አልብሼው እወጣለሁ።

የሥራው ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። በሽተኛው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እየመጣ ስልሳ መርፌ ይወጋል። ካነሰ በሽታው ተመልሶ ይነሣል፤ ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ጆሮ ያደነቁራል። ከእኔ በፊት ይህን ቁጥር የሚይዙት የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት፣ ለአንድ መርፌ አንድ ጭረት፤ ሃያ ዓመት እንዲሁ ሠርተዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል? አቧራ እኮ ነው" አልኳቸው።

"አቧራው የኖረው ከኔ ጋር ነው፤ አንተን ምን አደረገህ?" አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። ዘመኑ ወረቀት የጠፋበት ስለነበር የከፊራ ገበያ ኦቾሎኒ ሻጮች ለመጠቅለያ ሲሉ በደስታ ተረከቡኝ። ጆንያውን በገዛ ትከሻዬ ነው ተሸክሜ የወሰድኩት፤ ለሥልጣኔ የከፈልኩት መሥዋዕትነት መስሎኝ ነበር።

አሠልጣኛችን ከሁሉ አብልጦ የነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ሥራችሁን በየሳምንቱ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ሌላ ቦታ አስቀምጡ የሚል። ለዚሁ ብሎ አሥር አዳዲስ ዲስክ ሰጠኝ። እንዴት እንደሚያምሩ! ልነካቸው አልጨከንኩም፤ ከነላስቲካቸው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ግልባጭ ጨርሶ አላደረግኩም ማለት ግን አይደለም። መዝገቡን ሌላ ስም ሰጥቼ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ገልብጬው ነበር። ትርፍ ቁልፉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሩን ዘግቶ እንደመውጣት ያለ ነገር ነው።

ኮምፒውተሩ ከገባ በአራተኛው ወር ከባሕር ማዶ በፖስታ አንድ ዲስክ መጣ። ፖስታው ላይ የክሊኒካችን አድራሻ በታይፕ ተጽፏል። ዲስኩ ላይ ስለ በሽታ ትምህርት የያዘ መሆኑን የሚገልጽ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፏል። ማን እንደላከው አላውቅም፤ ልጠይቅም አላሰብኩም። የውጭ ሰው ስለ እኔ ባለሙያነት ሰምቶ የላከልኝ ነበር የመሰለኝ። አብሮት በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ነበር፤ አጣጥፌ የጠረጴዛውን እግር አስደገፍኩበት። ከዚያ ዲስኩን ከተትኩ። ጥቂት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ጥቂት ምክር ሰጠኝ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ተሰናበተኝ። እኔም ጨዋ ዲስክ ነው አልኩ።

ለአንድ ወር ያህል ምንም አልሆነም። አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ግን የመዝገቡ ስም የለም። ግልባጩም የለም። በቦታቸው ትርጉም የሌለው የፊደል ዝባዝንኬ ተደርድሯል። ቀጥሎ ማተሚያውን ክፈት አለኝ፤ ከፈትኩ። እየተንጫጫ አንድ ወረቀት አወጣ። የዲስኩ የኪራይ ጊዜ አልፏል፣ ፋይልህን ከፈለግህ ይህን ያህል ዶላር በዚህ የፖስታ ሣጥን ላክ ይላል። የፖስታ ሣጥኑ ያለበትን አገር ከሲስተር ጋር ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ብንፈልገው አጣነው። ከጠረጴዛው እግር ሥር ያንን ወረቀት አውጥቼ በመዝገበ ቃላት ሳነበው፣ ካልከፈልክ ማሽንህ ሥራ ያቆማል ብሎ አስቀድሞ ነግሮኛል። ቀማኛው ከእኔ ይልቅ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር።

ዛሬ ይህንን ራንሰምዌር ይሉታል። በዲስክ መምጣቱን ትቶ በኢሜይል ይመጣል እንጂ ጠባዩ ያው ነው፤ በገዛ እጅህ ታስገባዋለህ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ የራስህን ዕቃ ቆልፎ ለራስህ ሊሸጥልህ ይነሣል። የዘመድ ልጆች እንዴት እንጠንቀቅ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ያላወቃችሁትን አትክፈቱ፣ ግልባጫችሁን ከማሽኑ ነቅላችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ፣ ለሌባ ከፍላችሁ ይመልስልኛል ብላችሁ አትጠብቁ እላቸዋለሁ። ዐዋቂ እንዳለ ይሰሙኛል። ከየት እንደተማርኩት አልነግራቸውም።

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ወዲያው ስብሰባ ጠራ። "ጓድ፣ ይሄ የኢምፔሪያሊዝም አሻጥር ነው ወይስ ያንተ?" አለኝ። አሻጥር የምትባለው ቃል ያኔ ሰው ታስበላ ነበር። ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግኩ፤ ንቃቴ ዝቅተኛ ነበር፣ ራሴን ከብዙኃኑ ነጥዬ ነበር አልኩ። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ግለ ሂሶች ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ዶላሩን መክፈል የማይታሰብ ነበር፤ ዶላር መያዝ ራሱ ያሳስራል። ስለዚህ ስብሰባው በደብዳቤ እንዲጠየቅ ወሰነ፤ እኔም ጻፍኩ። "ለዲስኩ ባለቤት። ጉዳዩ፦ የበሽተኞች መዝገብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ።" ክሊኒኩ የድሆች መሆኑን ዘርዝሬ፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ አመስግኜ፣ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ማኅተም አስመታሁበት። በካርቦን ሦስት ግልባጭ አወጣሁ፤ አንዱ ለሲስተር፣ አንዱ ለካርድ ክፍል፣ አንዱ ለፋይል። ለመዝገቡ አንድ ግልባጭ ያጣሁ ሰው ለልመናው ሦስት አደረግኩለት። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሁለት ቀን ደግሞ ከፊራ ዋልኩ። ወረቀታችንን ለማግኘት ብዬ ከአንዷ ሻጭ ወደ ሌላዋ እየዞርኩ ኦቾሎኒ እገዛለሁ፣ መጠቅለያውን እዘረጋለሁ፣ አነባለሁ። አንዷ ሳቀችብኝ። "ወሪያ! ኦቾሎኒ ልትበላ ነው የመጣኸው ወይስ ልትማር?" ሆዴ እስኪነፋ በልቼ አንድ ክንድ የሚሆን ወረቀት ሰብስቤ ለጋሼ አቀረብኩ። አንድ በአንድ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ እነዚህ እኮ ሕክምናቸውን ከጨረሱ ወራት አልፏቸዋል። አሁን የሚወጉት ሁሉ ይሄ ኮምፒውተር የምትለው ሣጥን ከገባ በኋላ የመጡ ናቸው።"

ይህን ማሰብ ሁለት ቀንና ያን ሁሉ ኦቾሎኒ ፈጅቶብኛል።

በዚህ መሐል መርፌው ቆሟል፤ በሽተኞቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር ቁጥር ሳታውቅ አልወጋም አለች፤ ልክ ነበረች። ከሁሉ የምትጨቀጭቀኝ ከዋሂል ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ እንደ እናቴ ነው፤ አዴ ነው የምላት። ለሕክምናው ብላ ሳቢያን ሰፈር ልጇ ቤት ከርማለች፤ ፍየሎቿን ለጎረቤት ትታ መጥታ ቀን ትቆጥራለች።

"ኮምፒውተሩ ታሟል፣ አዴ" አልኳት።

"እና መርፌ ውጉታ! እኔን ለምን ታስቀምጡኛላችሁ? ሃምሳ አራት ተወግቻለሁ፤ ስድስት ይቀረኛል፤ ወላሂ!"

"መዝገብ ከሌለ በቃል ብቻ አይሆንም።"

"አቦ ተወኝ! ቂጡ የኔ ሆኖ ቁጥሩ ያንተ ሊሆን ነው?"

በረንዳው ሙሉ ሳቀ፤ ሲስተርም ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ግን "ሁሉም እኮ ሊጨርስ ጥቂት ቀረኝ ነው የሚለኝ። አርባ ላይ ብትሆንና ባቆምላትስ? ስድስት ብጨምርላትና ጆሮዋ ቢጠፋስ?" አለችኝ። አዴ ይህን ሰምታ "ቤቴ መጥታችሁ እዩ፤ ጽፌዋለሁ" አለች። መጻፍ እንደማትችል አውቃለሁ። ሲስተር ሄጄ እንዳየው ላከችኝ።

የልጇ ቤት ግድግዳ በኖራ የተለሰነ ነው። አዴ ከመኝታዋ በላይ በከሰል ጭረት ደርድራለች፤ አምስት አምስት እያደረገች። ልጇ አራስ ናት፤ ሕፃኑን ታቅፋ "ቤቴን አጠቆረችብኝ" እያለች ታጉረመርማለች። ቆጠርኩ፤ ሃምሳ አራት። በጭረቶቹ መካከል ደግሞ ሁለት ክብ አየሁ።

"እነዚህስ ምንድን ናቸው፣ አዴ?"

"የቀረሁባቸው ቀኖች ናቸው። አንዱን ቀን ሆዴን አሞኝ ዋልኩ። አንዱን ቀን ይሄ ልጅ ተወለደ፤ ልጄን ምጥ ላይ ጥዬ መርፌ ልሄድ? ያልተወጋሁትን ተወጋሁ ብዬ ልጽፍ ነው እንዴ?"

ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። ምክንያቱም እኔ እጽፍ ነበር። በየጠዋቱ፣ ሲስተር መርፌዋን ሳትጀምር፣ የቀኑን ዝርዝር አውጥቼ ሁሉም ላይ "ተወግቷል" ብዬ እሞላለሁ። የቀረ ሰው ካለ ከሰዓት በኋላ አርመዋለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከሰዓት በኋላ ግን ሙቀት ነው፣ ምሳ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጫት አለ፤ አንድም ቀን አላረምኩም። ስለዚህ ቀማኛው የቆለፈብኝ መዝገብ ውስጥ የአዴ ቁጥር ስንት እንደሆነ ሳላየው አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ስድስት ነው። መዝገቡ ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ ሁለት መርፌ ሲቀራት ጨርሰሻል ብለን እንሸኛት ነበር።

"ያንተ ሣጥን ስንት ይል ነበር?" አለችኝ።

"አላስታውስም" አልኳት። ዋሸሁ።

ሲስተርን ግን መዋሸት አልቻልኩም፤ ክሊኒክ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

"ሁሉም ላይ ነው እንደዚህ ስትሞላ የነበረው?"

"ሁሉም ላይ።"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እና ስልሳ ሞልቷል ብለኸኝ፣ ድናችኋል ብዬ ወደ አገራቸው የሸኘኋቸው ሰዎች?"

ስማቸውን ንገረኝ አለች። ስማቸው ያለው ግን የተቆለፈው መዝገብ ውስጥ ነው።

አዴ በማግሥቱ መርፌዋን ቀጠለች፤ ስድስቱን ጨርሳ ወደ ዋሂል ተመለሰች። በረንዳው ላይ የነበሩትንም ጋሼ አንድ በአንድ እየጠየቁ በወረቀት መዘገቡ። የተሸኙትን ሰዎች ስም ደግሞ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከትዝታቸው እያወጡ ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ ነጭ ጋዋኔን ትቼ በጭነት መኪና ላይ እየተንጠለጠልኩ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ከዚያም ወዲያ እየሄድኩ በየደጁ "ስንት መርፌ ነው የተወጋኸው? የቀረህበት ቀን ነበር?" እያልኩ ስጠይቅ ወራት አለፉ። ብዙዎቹን አግኝቼ የቀራቸውን መርፌ እንዲወጉ ወደ ክሊኒኩ መልሼአለሁ። ጋሼ ያላስታወሷቸው ሰዎችም ነበሩ።