እኔና አማቴ በበረሃው ተራራ

ሩጫ የጀመርኩት በወገብ ሕመም ምክንያት ነው። ሀይሌ ጋርመንት ባለችው ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቄ ከጠዋት እስከ ማታ መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ስለምውል ወገቤ አልቃና አለኝ። ሐኪሙ ዘንድ ብሄድ «ተንቀሳቀሺ» ብሎ አሰናበተኝ። መድኃኒት ጠብቄ ምክር ስለሰጠኝ ተናድጄ ወጣሁ። ቢሆንም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከለቡ መብራት ኃይል ተነስቼ ወደ ፉሪ ተራራ በእግሬ አዘገምኩ። ያኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር።

መጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ሶምሶማ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ተራራው ላይ የሚሮጡ ሰዎች አገኘሁና ተቀላቀልኳቸው። በዕድሜ ከሁሉም የምበልጠው እኔ ነበርኩ። ሜዳ ላይ ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ ዳገት ሲመጣ ግን ቀስ እያልኩ እደርስባቸውና አልፋቸዋለሁ። ይህን ያስተዋለው አሰልጣኛችን አንድ ጠዋት ለብቻዬ ጠራኝ።

«አንቺ የአስፋልት ሯጭ አይደለሽም። አንቺን የሚፈልግሽ ተራራ ነው» አለኝ።

ከዚያ ከአዋሽ ወዲያ፣ በአፋር በረሃ ተራሮች ላይ ስለሚካሄድ ሩጫ ነገረኝ። ርዝመቱ የማራቶንን እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መንገድ የሚባል ነገር የለውም፤ ድንጋይና አሸዋ እየረገጡ ተራራ ወጥቶ ተራራ መውረድ ነው። ሊነጋጋ ሲል ይጀመራል፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያልገባ አልጨረሰም።

ለመሮጥ መወሰኔን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲገባው ሳቁን አቆመና፣ «ለእናቴ ምን ልትያት ነው?» አለኝ።

አማቴ የፉሪ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ከተማው ገና ሳይደርስ ጀምሮ እዚያው ሲያርስ የኖረ ነው፤ ዛሬም ከፎቆቹ ጀርባ በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ገብስ ይዘራሉ፤ ጎመን ይተክላሉ። የእኔ ወላጆች ደግሞ ከጎጃም የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ልጃቸው እኔን ሲያገባ አማቴ ደስ አላላቸውም ነበር። «ቁጭ ብላ የምትውል ሴት» ይሉኝ እንደነበር በሰው በሰው ሰምቻለሁ። በሱሪ ስሮጥ ያዩኝ ቀን ደግሞ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

ስለዚህ ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ነው የሄድኩት። ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

ነገሩን ስነግራቸው፣ «ማን ነው የሚያባርርሽ?» አሉኝ።

«ማንም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«እችል እንደሆን ማየት ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። በልጅነታቸው ወተት ተሸክመው ከፉሪ እስከ መሃል ከተማ በእግራቸው ይሄዱ እንደነበር አወሩልኝ። ሌሎቹ ልጃገረዶች መንገድ ላይ አረፍ ሲሉ እሳቸው ዝም ብለው ይቀጥላሉ፤ ቀድመው የደረሱ ቀን ለማንም ሳይናገሩ ደስታቸውን ለብቻቸው ይዘው ይመለሳሉ። ከተጋባን ጀምሮ ያን ያህል አውርተውኝ አያውቁም። ሲጨርሱ፣ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ትፈቅጂልኛለሽ ወይ ማለታቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ማለዳ ተራራ ላይ ነኝ፤ ከረፋድ በኋላ ሱቄ። ሯጮች ውሃ የሚይዙበትን ሰደርያ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ራሴ ሰፋሁ፤ ቀላል ነው፤ ላብም አይዝም። ትከሻዬን እንዳይልጠኝ ስፌቱን ስንት ጊዜ እንደተረተርኩት! አማቴ በበኩላቸው የራሳቸውን ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በቅቤ አሽተው ጩኮ አዘጋጁልኝ። «ይሄን የበላ አይወድቅም» አሉኝ። ውሃ ላይ ግን አልተስማማንም። እሳቸው ውሃ ሆድ ያከብዳል ባይ ናቸው፤ አሰልጣኙ ደግሞ ሳይጠማሽ ጠጪ ይለኛል። በዚህ የአሰልጣኙን ሰማሁ።

ባለቤቴ የሚነዳውን ሚኒባስ ከሥራ አስወጥቶ ሦስታችንም ቁልቁል ወረድን። ከመኪናው ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችንን መታን። ከፊታችን ጥቁር፣ ቅጠል የሌላቸው ተራሮች ተደርድረዋል። አማቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ሣር እንኳ የላቸውም» አሉ፣ ያዘኑላቸው መስለው።

በማግስቱ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል የግንባር ባትሪያችንን አብርተን ተነሳን። ከውጭ አገር የመጡ ሯጮች አሉ፤ ስማቸውን በሬዲዮ የምሰማቸው የአገራችን አትሌቶችም አሉ። እነሱ ወዲያው ተሰወሩ። እኔ ተራራውን እንደ ፉሪ ዳገት ነው ያየሁት፤ ትንፋሼን እየቆጠብኩ በአጭር በአጭር እርምጃ። ፀሐይ ስትወጣ ሁለተኛውን ተራራ ጨርሼ ነበር። የግመል መሄጃ ይዤ ስወርድ የሰደርያዬ አንዱ ማሰሪያ ተበጠሰ። መርፌና ክር ከኪሴ አይጠፋምና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። አንዲት ፈረንጅ አጠገቤ ስትደርስ ቆማ አየችኝና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ተነስቼ በዳገቱ አለፍኳት።

ክፉው የመጣው ወደ ቀትር ነው። ትልቁ ተራራ ላይ ጥላ የለም፤ ድንጋዩ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። አናቱ ጋ ስደርስ የጠጣሁትን ሁሉ አስመለሰኝ። ቁልቁለቱን የወረድኩት እግሬ ይሁን የሌላ ሰው እግር ሳላውቅ ነው። ከሥር ባለው የእርዳታ ድንኳን ባለቤቴና አማቴ ይጠብቁኛል። ባለቤቴ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

በድንኳኑ ያለችው ሐኪም ዓይኔንና የልብ ምቴን አይታ፣ «ውሃው ሆድሽ ውስጥ ከረጋ ትቀጥያለሽ። ካልረጋ ግን የማስቆምሽ እኔ ነኝ» አለችኝ።

አማቴ ነጠላቸውን በውሃ ነክረው አናቴ ላይ ጣሉልኝ። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሹት ጀመር። ሰው ሁሉ «በርቺ፣ በርቺ» ሲል እሳቸው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

«እማማ፣ ባቋርጥ ያፍሩብኛል?» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በዚያ ስም ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። «ከፈለግሽ አሁን ተነስተን ቤታችን እንሂድ። ከፈለግሽ ደግሞ ያንን ተራራ ውጪው። እኔ በሁለቱም አላፍርም።»

ሌላ ነገር ቢሉኝ ኖሮ የማቋርጥ ይመስለኛል። ጨው ያለበትን ውሃ በትንሽ በትንሹ ተጎነጨሁ። ረጋ። ከጩኮው ቆንጥሬ አኘክሁ። እሱም ረጋ። ሐኪሟ እንደገና አየችኝና እጇን ወደ ተራራው ዘረጋች፤ ሂጂ ማለቷ ነው። ተነስቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላውን በሩጫ አልጨረስኩትም፤ ዳገቱን በእርምጃ፣ ቁልቁለቱን በሶምሶማ ነው። በየመንገዱ ከእኔ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ሯጮች ድንጋይ ተደግፈው መኪና ይጠብቃሉ። የመጨረሻው ሸንተረር ላይ ስደርስ ነፋስ ነፈሰልኝ። ዘወር ብዬ አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ ያለፍኳቸው ተራሮች ተከታትለው እስከ ዓይኔ መድረሻ ድረስ ይታያሉ። ያንን ሁሉ በእነዚህ እግሮች የመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ግድ አልነበረኝም።

ወደ መድረሻው ሜዳ ስወርድ ፀሐይዋ ተራራውን ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል። ከሩቅ አንድ ሰው በበትር እየተደገፈ ወደ እኔ ይመጣል። አማቴ ናቸው። ኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። ሊያስቆማቸው የሞከረውን አስተናጋጅ በትራቸውን ከፍ አድርገው አልፈውታል።

«ፍጠኚ! ፀሐይዋ እየሄደች ነው!» ብለው ጮኹ። አጠገቤ ሲደርሱ እሳቸውም መሮጥ ጀመሩ። እውነተኛ ሩጫ ነው፤ በትሩን እንደ ጦር ይዘው።

ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ግራ ገባው። «ሁለት እናቶች እየገቡ ነው... ሁለት ናቸው... አዎ፣ ሁለት!» እያለ ሲጮኽ መስመሩን አብረን አለፍን። የእሳቸው እልልታ ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሜዳሊያ የምታድለው ልጅ ፊት ለፊቷ ላገኘቻቸው ለአማቴ አጠለቀችላቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በክብር ተቀበሉ። ባለቤቴ ሊነግራት ሲጠጋ ክንዱን ያዝኩት። ለእኔ ሌላ ተፈልጎ መጣልኝ።

ብዙዎች ባቋረጡበት ቀን ከሴቶቹ ውስጥ ከገቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። የመጨረሻዋም አልነበርኩም፤ ያቺ ፈረንጅ ከኋላዬ ገብታ አቅፋኛለች።

ከበረሃ ተመልሼ ሱቄን ስከፍት እግሬ የስፌት መኪናውን መርገጫ መጫን አቃተው። ከሁሉ በፊት የገባችው ደንበኛ ለሠርግ የሰጠችኝ ቀሚስ አለመድረሱን ስታይ ተቆጣች።

«የት ከርመሽ ነው?» አለችኝ።

«በረሃ ሄጄ ተራራ ስሮጥ» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ነበር። ወንበር ስቤላት ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስጨርስ ቀሚሱን መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ «እኔስ ከየት ነው የምጀምረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል እንድትመጣ ነገርኳት፤ አማቴም ከፉሪ ወርደው እንደሚጠብቋት።